ሆድሽ እስኪገፋ አትጠብቂ

በአራዳ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አዲስ ነፍሰ ጡር የክትትል ክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የማየው ነጠላዋን ነው። ነጠላው ከትከሻዋ ወርዶ፣ ወደ ፊት ተስቦ ሆዷን ከሸፈነ አምስት ወር እንዳለፋት እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። «ምነው እስካሁን ቆየሽ?» ስላት መልሷ የታወቀ ነው። «ሳይጠና ማውራት ደግ አይደለም ብዬ ነው፣ ሲስተር።»

ይህን ልማድ አልንቀውም። ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ዓይን የፈራችም ሆነች ጽንሱ ቢወርድ የሰው አፍ ውስጥ መግባትን የፈራች ሴት ዝም ለማለት ምክንያት አላት። እኔን የሚያሳስበኝ ዝምታው አዋላጇንም ሲጨምር ነው። የልጁ ልብ፣ አንጎልና አከርካሪ መሠረታቸውን የሚጥሉት ሆድ ከመታየቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ነው። ሆዷ ከገፋ በኋላ የመጣችን ሴት እረዳታለሁ፤ ያለፉትን ሳምንታት ግን ልመልስላት አልችልም። ለጎረቤት፣ ለአማት፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛ መንገሩ ይቆይ። ለጤና ባለሙያ መንገር ግን የሚቆይ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ማረጋገጥ

የወር አበባ መቅረት ብቻውን እርግዝና ነው አያሰኝም። ድንጋጤ፣ የክብደት መቀነስ፣ የእንቅርት ችግር፣ በተለይም የእርግዝና መከላከያ መርፌ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ማረጋገጫው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሽንት መመርመሪያ ነው። በከነማም ሆነ በማንኛውም የሰፈር መድኃኒት ቤት ይገኛል፤ ለመግዛትም የሐኪም ማዘዣ አያስፈልግም። ስትገዢ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ተመልከቺ።

መመርመሪያው የሚፈልገው እርግዝና ሲጀምር ሰውነት የሚያመነጨውን ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ በሽንት ውስጥ በደንብ የሚጠራቀመው ሌሊቱን ስለሆነ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል። ውጤቱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቢ። ከሰዓታት በኋላ ብቅ ያለ መስመር አይቆጠርም። በጊዜው የታየ ሁለተኛ መስመር ግን ቢደበዝዝም አብዛኛውን ጊዜ እርግዝና ነው። አንድ መስመር ብቻ ታይቶ የወር አበባው አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው፤ ቀድመሽ መርምረሽ ይሆናል።

«ሳላውቅ ፖስት ፒል ወስጄ ነበር፣ ልጁን ጎድቼው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። አልጎዳሽውም። ያ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የተጀመረን እርግዝና አያቋርጥም፣ ጽንሱንም አያበላሽም። ሉፕ የሚባለው መከላከያ በማሕፀንሽ እያለ ያረገዝሽ እንደሆነ ግን በዚያው ቀን ተመርመሪ፤ እንዲህ ዓይነት እርግዝና ከማሕፀን ውጭ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከሌላው ከፍ ያለ ነው።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር

ቀጥሎ የምጠይቅሽ የመጨረሻው የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ነው። የጠራበትን ሳይሆን የመጀመሪያውን ቀን። እዚህ ፒያሳ አካባቢ ብዙዎቹ እናቶች ቀኑን በቁጥር አይነግሩኝም። «የጊዮርጊስ ዋዜማ ነበር፤ በማግስቱ ልሳለም አስቤ ሳይሆንልኝ ቀረ» ይሉኛል። እኔም 22 ብዬ እጽፋለሁ። ሙስሊም እናቶችም ሶላት ያቆሙበትን ቀን አይስቱም። በስልክ መተግበሪያ ከመዘገቡት ይልቅ እነዚህን ቀኖች የማምናቸው ጊዜ አለ።

እርግዝና ከዚያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ተብሎ ይቆጠራል። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ጨምሪ። የወር አበባሽ የመጣው ጥቅምት 12፣ በሚካኤል ዕለት ከሆነ ዘጠኝ ወር ሲጨመር ሐምሌ 12፣ አሥር ቀን ሲታከልበት ሐምሌ 22 ይሆናል። መንገድ ላይ ጳጉሜን ካለች ግን የእሷ ቀኖች ይቀነሳሉ። ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም የመጣ እንደሆነ ዘጠኝ ወር ቆጥረሽ ጥቅምት 21 ላይ ትደርሻለሽ፤ ጳጉሜን አምስት ቀን ስለወሰደች የምትጨምሪው አሥር ሳይሆን አምስት ነው፣ ጥቅምት 26። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ጥቅምት 25 ይሆናል። የቀኑ ስሌት ግምት ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚወለድ ብዙ ነው።

ይህ አቆጣጠር ትዳር ሲያናጋ ስላየሁ አንድ ነገር ላስረዳ። ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር መጣች። እሱ ከጉዞ የተመለሰው ከአራት ሳምንት በፊት ነው፤ በእጁ የያዘው ወረቀት ደግሞ ስድስት ሳምንት ይላል። ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ ወረቀቱን እያገላበጠ ያየኝ ነበር። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታለች። የቀን መቁጠሪያ አውጥቼ አሳየሁት። የሕክምና አቆጣጠር የሚጀምረው ከወር አበባው የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ጽንስ የሚያዘው ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ «ስድስት ሳምንት» የሚለው ወረቀት ጽንሱ ከተያዘ አራት ሳምንት ሆነው ማለት ነው። ሰውየው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ባሎች ሆይ፣ ከመጠርጠራችሁ በፊት ጠይቁ።

የወር አበባሽ የሚዘበራረቅ ከሆነ፣ ወይም መርፌ ካቆምሽ በኋላ ሳይመጣ ያረገዝሽ እንደሆነ ቀኑን የሚነግረን አልትራሳውንድ ነው። ከ14 ሳምንት በፊት ሲታይ ግምቱ በጣም ይቀርባል፤ ጊዜው በገፋ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል። ሁለት መስመር ባየሽ ማግስት ግን አትሩጪ። የልብ ምት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ታይተው «ባዶ ነው» ተብለው ሲያለቅሱ ሰንብተው፣ በሁለት ሳምንቱ ልቡ ሲመታ ያዩ እናቶች አሉ። ሕመም ወይም ደም ካለ ግን ሳምንት ሳትቆጥሪ በዚያው ቀን ታዪ።

ዛሬውኑ የሚጀመረው

ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትጀምሪው አንድ ነገር ፎሊክ አሲድ የተባለው የቪታሚን ክኒን ነው። የልጁ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩት እንደ ቧንቧ ከሚጠቀለል አንድ ስስ ሽፋን ነው። ያ ቧንቧ የሚዘጋው የወር አበባ በቀረ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ብዙ ሴት ማርገዟን ገና በምትጠረጥርበት ሰዓት ሥራው አልቋል ማለት ነው። ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ ከባሰም የራስ ቅሉ ሳይሞላ ይቀራል። አገራችን ይህ ችግር በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። ለዚህ ነው ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ እንድትወስድ የምንለምነው፤ ያላሰበችም ባወቀችበት ቀን። መጠኑ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ የወለደች፣ ስኳር ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከዚህ በጣም የበለጠ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ይዘዝላት። ጎመንና ምስርም ይህ ቪታሚን አላቸው፤ ክኒኑን ግን አይተኩም።

ሌላው ዛሬ የሚታየው የመድኃኒት ከረጢትሽ ነው። የሚጥል በሽታ ካለብሽና ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስጂ ከሆነ፣ ለልብ ዋርፋሪን፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የምትወስጂ ከሆነ መለወጥ ሊኖርበት ይችላልና ሐኪምሽን በዚሁ ሳምንት አግኚ። በራስሽ ግን አታቁሚ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የሚመጣው መጣል እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። በልጅነቷ ቶንሲል ተመላልሶባት የልብ በር ችግር የቀረባት ሴት በከተማችን ብዙ ናት፤ ልብ በእርግዝና ጊዜ ሥራ ስለሚበዛበት እንዲህ ያለች እናት አንድ ሳምንት እንኳ ማደር የለባትም። የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድም አንድ ቀን አታቋርጥ። ጸበል የምትጠጣ መድኃኒቷንም ትዋጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃሻል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ይቅሩብሽ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ፀረ ተሕዋስያንም እንዲሁ። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሆኑም። ኮሶ ታይቶብሽ ከሆነ የባሕሉን ኮሶ አትጠጪ፤ ጽንስ ያስወርዳል ተብሎ የሚፈራ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። በቡና ላይ ጤና አዳም መጨመርም ለአሁኑ ይቆይ፣ ማሕፀን ሊያነቃቃ ይችላል።

ፍልውሃ መታጠብ ለምትወድጂም አንድ ቃል። ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ምንም አይልም። በጣም በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ወይም በእንፋሎት ክፍል መዋል ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰውነት ሙቀትን ከፍ አድርጎ ያንኑ የቧንቧ መዘጋት ሊያውክ ይችላል። ወደ በኋላ አዘግዪው።

ካርድ ስታወጪ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፤ የእኛም ጤና ሚኒስቴር ይህንኑ ተቀብሏል። የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት ነው፤ ሁለተኛው በ20፣ ከዚያ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40 ሳምንት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ነው። አንዳንዴ በጤና ጣቢያው የሌለ ምርመራ ውጭ ሊታዘዝ ስለሚችል ትንሽ ገንዘብ ማስቀመጥ አይከፋም።

ጋንዲ ወይም ዘውዲቱ ሆስፒታል ካልታየሁ የሚሉ ብዙ አሉ። ጤነኛ ለሆነች እናት መጀመሪያ የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ይበቃታል፤ ችግር ካየን ሪፈር ጽፈን የምንልከው ወደ እነዚሁ ሆስፒታሎች ነው። ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ፊስቱላ የታከመች፣ ከማሕፀን ውጭ እርግዝና የነበራት፣ ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባት ግን ይህን በመጀመሪያው ቀን ትናገር። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስታችሁ ዳር ሰፈር የገባችሁ እህቶች ደግሞ ክትትላችሁን እዚያው ከቤታችሁ አጠገብ ጀምሩ። የድሮውን ሰፈር ጤና ጣቢያ ለምዳችሁት በሁለት ታክሲ መመላለስ በዘጠነኛው ወር አይቻልም።

በመጀመሪያው ቀን ክብደትሽና የደም ግፊትሽ ይለካል፣ ሽንትሽ ይመረመራል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጀመርልሻል። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ይመረመራሉ። «ባሌን አምነዋለሁ» ብለሽ አትለፊያቸው። ሦስቱም ያለ ምንም ስሜት ለዓመታት ሊቀመጡ ይችላሉ። ሦስቱም ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ሦስቱንም ደግሞ ቀድሞ ያወቀ ሰው ልጁን ሊከላከልላቸው ይችላል። ባልሽም አብሮሽ ይመርመር።

ደም ማነስ ላይ አንድ የአዲስ አበባ ልዩ ነገር አለ። ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም በቀይ ደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከ11 ከወረደ ደም ማነስ አለባት ይባላል። ያ ቁጥር ግን በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው የተበጀ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሰውነታችን ብዙ ቀይ ደም ይሠራል፤ ስለዚህ ለእኛ ወሰኑ በ1 ግራም ገደማ ከፍ ይላል። ወረቀትሽ ላይ 11.4 የሚል አይተሽ «ደህና ነኝ» ከማለትሽ በፊት «በከፍታው ተስተካክሎ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ነውር የለውም።

አይረን የያዘውን ክኒን ስንሰጥሽ ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ውሰጂው፤ ሁለቱም አይረኑን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ሲሆን ይሻላል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። አፈር፣ ከሰል ወይም ጥሬ ሩዝ የሚያምርሽ ከሆነም አትፈሪና ንገሪኝ። ብዙዎች ያፍሩበታል፤ አንዲት ወጣት የዝናብ ጠብታ ያረሰውን ግድግዳ እየፋቀች ትበላ እንደነበር የነገረችኝ በአራተኛው ቀጠሮዋ ነው። ይህ አምሮት ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ምልክት ነው። አፈሩ ደግሞ የሆድ ትል ይዞ ይገባል።

ሾተላይ ምንድን ነው?

ከደም ምርመራዎቹ ሁሉ በረጅሙ ላስረዳው የምፈልገው ይህንን ነው፤ ብዙ እናቶችን በከንቱ ያስለቀሰ ነገር ስለሆነ።

የደም ዓይነት ሲመረመር ከኤ፣ ከቢ እና ከኦ ቀጥሎ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚል ይጻፋል። ያ ቃል አርኤች የሚባለው ነገር በደምሽ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። እናት ኔጋቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ልጁ የአባቱን ሊወስድ ይችላል። በወሊድ፣ በውርጃ ወይም በደም መፍሰስ ጊዜ ከልጁ ደም ጥቂት ወደ እናት ይሻገራል። የእናት ሰውነት ያንን የማያውቀውን ደም እንደ ጠላት ይቆጥርና የሚዋጋ ኃይል ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። የሁለተኛው ደም ግን ዝግጁ የሆነ ጦር ይጠብቀዋል። ልጁ ደሙ እየረገፈ ማሕፀን ውስጥ ያብጣል፣ ቢጫ ሆኖ ይወለዳል ወይም ይሞታል። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ።

ድሮ ይህች ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባል ነበር። ልጆቿን የሚበላ መንፈስ እንደተጠጋት ተቆጥሮ ተሸሽታለች፣ ትዳሯም ፈርሷል። ጥፋቱ የእሷም የመንፈስም አልነበረም። ዛሬ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። በ28 ሳምንት ይሰጣል፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ከውርጃ በኋላም በዚያው ጊዜ ውስጥ መሰጠት አለበት። መርፌው የእናት ሰውነት ጦሩን ከማዘጋጀቱ በፊት የገባውን ደም ያጸዳዋል። ጦሩ ከተዘጋጀ በኋላ ግን መርፌው አይረዳም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው እርግዝና ማወቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የደም ዓይነትሽን በሁለተኛው ወር ካወቅሽ ለመፈለጊያ አምስት ወር አለሽ፤ በምጥ ቀን ካወቅሽ ያለሽ ሦስት ቀን ነው።

ቡናው፣ ክትፎው፣ ጾሙ

ቡና ሙሉ በሙሉ ተዪ አልልሽም። ቤቱ ሁሉ ቡና ሲሸት አንድ ሲኒ አቦል ብትጠጪ ምንም አይደለም። ከአቦል እስከ በረካ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መጠጣት ግን ይበዛል። ሲፈላ ከሰሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ የከሰል ጭስ መርዝ እናትን ከማዞሩ በፊት የልጁን አየር ይቀንሳል።

ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ክትፎና ለብለብ እስክትወልጂ ይቆዩ። የሚያሰጋው የኮሶ ትል ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ በጥሬ ሥጋ፣ በድመት ዓይነ ምድርና ባልታጠበ ሰላጣ ይተላለፋል፤ አዋቂን ሳያሳምም የልጅን ዓይንና አንጎል ይጎዳል። ክትፎውን አብስለሽ ብዪ። ያልፈላ ወተት፣ ከእሱ የተሠራ አይብም ይቅር። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ ጫትና ሺሻ ልጁን አይጎዳም የሚባል መጠን የላቸውም።

ጾምን በተመለከተ ኦርቶዶክስ ከሆንሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለነፍሰ ጡር እንደሚያቀሉ ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። በእስልምናም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ጊዜ ማሸጋገር ይፈቀድላታል። በሁዳዴ የምትጾሚ ከሆነ እኔን የሚያሳስበኝ የሽሮውና የምስሩ ነገር አይደለም፤ እነሱ ጥሩ ምግብ ናቸው። የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። በማቅለሽለሽ ላይ ባዶ ሆድ ሲጨመር ይብሳል። ከአልጋ ሳትነሺ ትንሽ ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ቅመሺ፣ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ብዪ። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ፣ ሽንትሽም ከጠቆረና ካነሰ ያ ተራ ማቅለሽለሽ ስላልሆነ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ደም ካየሽ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ደም የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በሰላም ይወልዳሉ። ቢሆንም ደም ያየች ሁሉ በዚያው ቀን መታየት አለባት። በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማዞርና ራስን መሳት ከመጣ ደሙ ትንሽ ቢሆንም ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ሆኖ የማሕፀን ቧንቧ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሌሊቱን የሚያሳድር ነገር አይደለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የከተማው እሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939 ይጠራል። አምቡላንሱ ከዘገየ በተገኘው መኪና ወደ ቅርቡ ሆስፒታል።

ጽንስ መውረድም አለ፤ ከታወቁ እርግዝናዎች ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ያልቃሉ። አብዛኞቹ የሚወርዱት ጽንሱ ሲፈጠር በዘሩ አወቃቀር ላይ ችግር ስለነበረ ነው። ጀሪካን ስላነሳሽ አይደለም። ስለደነገጥሽ፣ ያማረሽን ስላልበላሽ፣ ከባልሽ ጋር ስለተኛሽም አይደለም። ይህን ለራሷ ደጋግማ እንድታነብበው የምፈልጋት ሴት ብዙ ናት።

ያልተፈለገ ከሆነ

ሁለቱ መስመሮች ሁሉንም አያስደስቱም። ያለቀሰች ሴት ክፉ እናት አይደለችም፣ መጥታም ብታለቅስ አልፈርድባትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናን በጤና ተቋም ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ የእናትን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናትን ጤና የሚያሰጋ ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናት በዕድሜዋ ለጋነት ወይም በአካልና በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ ነው። ለተደፈረች ሴት የራሷ ቃል ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ አትባልም። ይህን ባለማወቅ መንደር ውስጥ ባዕድ ነገር ያስገቡ፣ ደማቸው ፈስሶ የደረሱ ልጆች አይቻለሁ። መጀመሪያ ወደ እኛ ወይም ወደ ኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒክ ኑ። በቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው ካለም ለብቻችን ስንሆን ንገሪኝ። ባሎችን ከክፍሉ ለጥቂት ደቂቃ የማስወጣው ለዚህ ነው።

ለመሥሪያ ቤት

ለአለቃሽ መቼ እንደምትነግሪ ራስሽ ወስኚ፤ መብትሽን ግን ዛሬ እወቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለክትትል ስትሄድ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት፤ ያቀረበችው የሐኪም ማስረጃ ይበቃል። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አትሠራም። በእርግዝናዋ ወራትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት አሠሪዋ ውሏን ሊያቋርጥ አይችልም። አባትም ሦስት ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አለው። ለክትትል በመጣሽ ቁጥር ማስረጃውን ከእኛ ጠይቂ፤ ሳትጠይቂ የሚጽፍልሽ የለም።

ስትመጪ መታወቂያሽን፣ የምትወስጂውን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ካለሽም የድሮ የወሊድ ወረቀትሽን ያዢ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወረፋው አጭር ነው። ቁርስሽን በልተሽ ነይ፤ ደም ለመስጠት መጾም አያስፈልግም። ነጠላሽን እንደወደድሽ አጣጥለሽ መምጣት ትችያለሽ።